ያላረፈ ጉድጓድ

ባለፈው ሐሙስ ከክሊቭላንድ አቬኑ ወደ ሚነርቫ ፓርክ ስታጠፍ የመኪናዬን መስኮት ዝቅ አድርጌ ነበር። ብርዱ ለቆን የመጀመሪያዋ ሞቃት ቀን ነበረች። ኮሎምበስ ውስጥ እንዲህ ያለች ቀን ስትመጣ ሰው ሁሉ ከእስር እንደተፈታ ከቤቱ ይወጣል። ባለቤቴ ዘነቡ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ መናር ታወራለች። ድንገት ሽታ መጣ። እርጥብ ጭቃ፣ ናፍጣ፣ የጋለ ብረት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ከመሬት ሆድ የወጣ ድንጋይ ሲፈጭ የሚሸተው ነገር። ስም የለውም፤ የሠራበት ሰው ግን አይስተውም። ሲግናል እንኳን ሳላሳይ ዳር ያዝኩ። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ጥሩምባውን አምባረቀብኝ፤ ዘነቡም ከእሱ አላነሰችም።

«ምን ሆነህ ነው? አመመህ እንዴ?»

«አይ፣ ሽታ ሸተተኝ።»

«ተመስገን» አለች፤ ቀልዷን አልነበረም። ያ ዓለምን ሁሉ ማስክ ያስለበሰ በሽታ እኔንም ካገኘኝ ወዲህ አፍንጫዬ ከሥራ ውጭ ሆኖ በርበሬና ሳሙና አንድ የሆኑብኝ ሰው ነኝ። የእሷ ወጥ ሳይሸተኝ፣ የልጅ ልጄ ፀጉር ሳይሸተኝ፣ ከዓለም ሽታ ሁሉ ተመርጦ መጀመሪያ የተመለሰልኝ የቁፋሮ ጭቃ ሆነ። ይህን ብነግራት የምትቀየመኝ ስለመሰለኝ ዝም አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ድሮ የሶፋ መደብር የነበረ፣ አሁን የሀበሻ ጴንጤዎች ቸርች የሆነ ሕንፃ አለ። ከጀርባው አዲስ አዳራሽ ሊሠሩ መሬቱን በሽቦ አጥረዋል፤ በአጥሩ ውስጥ አንድ የመቆፈሪያ ማሽን መኪና ላይ እንደተጫነ ቆሟል። እኛ ከለመድናቸው አንጻር የልጅ መጫወቻ ነው። ዘነቡ ግን ማሽኑን አላየችውም፤ ያየችው የቸርቹን ስም ነው።

«የጋሽ ታደሰ ቸርች አይደለም እንዴ?» አለች።

ነው አልኳት። ጋሽ ታደሰ ካናገረኝ ከዓመት በላይ ሆኖታል። የመጨረሻ ያለኝ ነገር ደግሞ የሚረሳ አልነበረም፤ ብቻዬን መኪና ስነዳ፣ ገላዬን ስታጠብ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር ይመጣብኛል። ዘነቡ ይህን ታውቃለች። «ውረድና እይ» አለችኝ። «ካላየህ ዛሬ አታስቀምጠኝም። እኔ ስልክ አለኝ።»

ወርጄ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። አንድ ጺማም ሠራተኛ ቱቦ እያጠበ ነበርና ምን እንደሚሠሩ ጠየቅኩት። ይህ የሙከራ ጉድጓድ ነው አለኝ። ድንጋዩ ሙቀት እንዴት እንደሚያሳልፍ ለክተው፣ ከዚያ በመነሣት አዳራሹን በብርድ ጊዜ የሚያሞቅ፣ በበጋ የሚያቀዘቅዝ ቱቦ ስንት ጉድጓድ ውስጥ መቅበር እንዳለባቸው ያሰላሉ። አዳመጥኩት። እንደማውቅ አልነገርኩትም፤ ምን ይሠራለታል?

ከጋሽ ታደሰ ጋር የተዋወቅነው በዚህ ሽታ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። ሱሪ ከላይ የሚጠብበት ከታች የሚሰፋበት ዘመን ነበር፤ ዝዋይ ላይ አንድ ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ በሃምሳ ሳንቲም የሚበላበት፣ ዓሣውን የበላ ሰው እጁን ሳይታጠብ በአሥር ሳንቲም ሻይ የሚደግምበት። ከዝዋይ ተነሥተን በአቧራ ታጥበን የምንደርስበት ካምፕ ነበረን። ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሁለት ድንኳን፣ አንድ ላንድሮቨር። ዙሪያውን መሬቱ በየስንጥቁ ይጨሳል፤ ጠዋት ጠዋት ከግራር ሥር እንፋሎት ሲወጣ ላየ ሰው ምድር ምጣድ ላይ የተጣደች ይመስለዋል። በዚያ እንፋሎት መብራት ይመነጫል ተብሎ ነው የሄድነው። ጋሽ ታደሰ የልኬት ክፍሉ አለቃ፣ እኔ ረዳቱ። በዕድሜ ብዙም አይበልጠኝም፤ ጋሼ ያሰኘው ጠባዩ ነው። ካኪ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ በዚያ ሐሩር የሚውል፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ፣ አንድ ነገር አይሆንም ካለ በቃ የማይሆን ሰው ነበር።

የእኔ ሥራ መጀመሪያ ድንጋይ ክፍል ነበር። ከጉድጓድ የወጣውን ድንጋይ እንደ ሙልሙል ዳቦ በመጋዝ እንቆርጣለን። ምድጃ ውስጥ አድርቀን እንመዝናለን፤ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን አሳድረን ደግሞ እንመዝናለን። ልዩነቱ ድንጋዩ በሆዱ ምን ያህል ውሃ መያዝ እንደሚችል ይነግረናል። ከዚያ አንድ ፊቱን አሙቀን ሙቀቱ በሌላው ፊቱ እስኪወጣ ሰዓት ይዘን እንጠብቃለን። አንዳንዱ የተቀበለውን ወዲያው ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ውጦ ዝም ይላል። ጋሽ ታደሰ አንዱን «ወሬ አቀባይ»፣ ሌላውን «ሆደ ሰፊ» እያለ ስም ያወጣላቸው ነበር። እኔን የትኛው ነኝ ብዬ ብጠይቀው «አንተ ገና አልደረቅክም» አለኝ። በኋላ ጉድጓድ ላይ ወሰደኝ። የምናወርደው መሣሪያ የክንድ ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ነበር። ውስጡ እንደ ግድግዳ ሰዓት የሚጠመዘዝ ሰዓትና መርፌ አለው፤ መርፌው ቀጭን ናስ ላይ ይጭራል። በሽቦ ገመድ አውርደን፣ ታች አቆይተን፣ በዊንች፣ በገመድ መጠቅለያው፣ ስንስበው ፀጉር የምታህል መስመር እናገኛለን። ያቺ መስመር የምድር ሙቀት ናት። ጋሽ ታደሰ መስመሯን በማጉያ ሲያይ ትንፋሹን ይይዝ ነበር፤ እኔም አብሬ እይዛለሁ።

አሁን ወደ ሠርጌ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ከዘነቡ ጋር ሠርጋችን ለጥር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። መርካቶ ያሰፋሁት ቡናማ ሙሉ ልብስ፣ ኮሌታው ትከሻዬን የሚሻማ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። የላንድሮቨሩ ሹፌር አንዱ ወገኑ የተበላ አንድ ካሴት ነበረውና በደኅናው ወገን የነበረውን የሙሽራ ዘፈን እኔን ባየ ቁጥር ይከፍተዋል። ቁፋሮው የሚያልቀው ከሠርጉ ቀደም ብሎ ነው፤ ጉድጓዱን እንለካለን፣ ፈቃዴን እወስዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ቁፋሮው አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው ኃላፊ ዛሬውኑ ለኩልኝ አለ። ለካን። ቀዝቃዛ ሆነ። «እንፋሎት የለውም፤ ይደፈንና እንሂድ» አለ ኃላፊው። ካምፑ ሁሉ ተደሰተ፤ ማንም ያን አቧራ አይወደውም። ከሁሉም የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ታደሰ ግን ናሱን ከማጉያው ሥር አላነሣም።

«የለካነው ድንጋዩን አይደለም» አለ። «ስንቆፍር የከረምነው የሐይቁን ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰስን ነው። አሁን ያገኘነው እሱን ነው። ጉድጓዱ ይረፍ።»

«ስንት ቀን?» አለ ኃላፊው።

«እስኪያርፍ።»

ነገሩ እውነት ነው፤ ሙያው ራሱ እንዲህ ነው፤ ኃላፊውም ያውቀዋል፤ ግን ሰው ሲቸኩል የሚያውቀውን ይረሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ። ኃላፊው ጥቂት አሰበና «እንግዲያው አንተ ቆይ፤ አንድ ሰው አስቀር» ብሎት የቀረውን ሰው ጭኖ ሄደ። ጋሽ ታደሰ በዊንቹ ከእኔ ሌላ ማንንም አያምንም ነበር። ለዚህ ክብር እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም። ሠርጌን ነገርኩት፤ ለመንኩት። «አውቃለሁ መኬ» አለኝ፤ «ግን ያላረፈ ጉድጓድ አይለካም። የሚነግርህ የራሱን አይደለም፤ ያፈሰስክበትን ነው።» መኪና የለ፣ ስልክ የለ፣ የሬዲዮ መገናኛው ባትሪ ሞቷል። በእግር ብነሣ ጅቡና ጥሙ አለ። ጠዋት እንነሣለን፤ የጉድጓዱን አፍ እናያለን፤ ሻይ እናፈላለን፤ ጥላ እየተከተልን ቦታ እንቀይራለን። ሙሉ ልብሴን እያየሁ ተኝቼ እያየሁት እነቃለሁ። ያን ጊዜ ሰው ያለ ግድግዳ እንደሚታሰር አወቅኩ፤ አገሩ እስከ አድማስ ክፍት ነው፤ እኔ ግን አንዲት የብረት ክዳን ላይ ታስሬያለሁ። የሠርጌ ቀን መጣ፤ እዚያው ዋልኩ። ከዚያ ጾም ገባ። ጾም ከገባ ደግሞ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሙሽራ የሚባል የለም። የዘነቡ እናት የጠመቁት ጠላ ሆምጥጦ ተደፋ፤ ጎረቤቱ «ሙሽራው ከዳ» ብሎ አወራ። ጉድጓዱ በየጊዜው ስንለካው እየሞቀ መጣ፤ እየሞቀ መጣና አንድ ቦታ ቆመ። እንቁላል ይቀቅላል፤ ተርባይን ግን አያዞርም። ተደፈነ።

«ይህን ለማወቅ ነው ሠርጌን ያስቀረኸው?» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

«አዎ» አለኝ። «አሁን የተናገረው ድንጋዩ ራሱ ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ስንጋባ ልብሴ ዲኝ ዲኝ ይሸት ነበር። ዘነቡ እስካሁን «እንቁላል እንቁላል የሚሸት ሙሽራ» ትለኛለች፤ ጋሽ ታደሰን ደግሞ «ሠርጌን ያስቀረ ሰውዬ»። እየሳቀች ነው የምትለው፤ እኔም ስቄ አልፌዋለሁ። ሚዜዬ እሱ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችንን ክርስትና ለማንሣትም ጠይቄው ነበር፤ እሱ ያኔ ወደ ጴንጤዎቹ ሄዶ ስለነበር አይሆንም አለ። አልኩ እኮ፤ አይሆንም ካለ አይሆንም።

ዘመን ዘመንን ወለደና ሁለታችንም ልጆቻችን አሜሪካ ያመጡን ሰዎች ሆንን። እሱ ቀድሞ መጥቶ ፎረስት ፓርክ ከሚስቱ ከእትዬ ብርቄ ጋር ተቀምጧል፤ እኔና ዘነቡ ሬይኖልድስበርግ ከልጃችን ከማርታ ጋር። በሽታው የገባ ሰሞን ማርታ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነበርና ይዤባችሁ እመጣለሁ ብላ ፈርታ ቤዝመንት አወረደችን። የቤዝመንቱ መስኮት ከሣሩ እኩል ነው፤ የሚያልፍ ሰው ጫማ ብቻ ነው የሚታየን። ማርታ ምግቡን ደረጃው ላይ አስቀምጣ፣ በሩን አንኳኩታ ትሸሻለች። የልጅ ልጄ ከላይ ሆና «ሃይ ግራንፓ» ትለኛለች፤ ነይ ስላት «አይ ካንት» ትላለች። ያን ጊዜ ጋዝ ረክሶ ነበር፤ እንደዚያ ሲረክስ አይቼ አላውቅም፤ የሚኬድበት ግን የለም። የሽንት ቤት ወረቀት ከሥጋ ይልቅ ይከበር ነበር። ዘነቡ ከአሮጌ የትራስ ጨርቅ ማስክ ሰፋችልን፤ የእኔ ላይ አበባ ነበረበት። ዘነቡ ጸሎት አላት፤ እኔ ግን ጣሪያውን እያየሁ፣ የማሞቂያውን ቱቦ ጉርምርምታ እየሰማሁ ያ ካምፕ ይመጣብኛል። ከዚያ ይልቅ እዚህ የከፋ ነው፤ እዚያ ጉድጓዱ እስኪሞቅ ነው፤ እዚህ ምኑ እስኪሆን እንደምንጠብቅ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ያወጣኝ ራሱ ጋሽ ታደሰ ነው። በሚሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ነው፣ በር ላይ የሠራተኛ ሙቀት የሚለካ ሰው ሲፈልጉ ኮል አደረገልኝ። «መኬ፣ አፕላይ አድርግ፤ ኤክስፒሪየንስ አለህ» አለኝና ያን ድምፅ የሌለውን ሳቁን ሳቀ፤ ትንፋሹን በስልኩ ሰማሁት። ማርታ ተቃወመች፤ እኔ ግን ከዚያ ቤዝመንት ለመውጣት የአንበሳም ሙቀት ቢሆን እለካ ነበር። ሥራዬ ከበሩ ፊት በተተከለ የላስቲክ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ ሽጉጥ የመሰለ ቴርሞሜትር በሰው ግንባር ላይ መደገን ነው። ደኅና ከሆነ አረንጓዴ፣ ትኩሳት ካለው ቀይ ይበራል። ቢጫ ሰደርያ ሰጡኝ፤ ከማስኩ አበባ ጋር ሆኖ ሠርገኛ አስመስሎኝ ነበር። ብርዱ ሲመጣ አንድ ነገር ታየኝ። ሰው ከፓርኪንጉ በነፋስ እየተገረፈ መጥቶ ቀጥታ ሲለካ የሁሉም ግንባር በረዶ ነው፤ መሣሪያው አረንጓዴ ብቻ ያበራል። የመሣሪያው መመሪያም ሰው ጥቂት ገባ ብሎ ሙቀት ይያዝ ይላል፤ ሰዓት ሲደርስና ሰልፉ ሲረዝም ግን ማን ይጠብቃል። እኔ ማስጠበቅ ጀመርኩ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ማሞቂያው አጠገብ ቆየት ብለው። ያጉረመርማሉ። ጋሽ ታደሰ ግን ደስ ይለው ነበር፤ ከወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ «አረፍኩ ወይስ ገና?» ይለኛል። ያን ቀልድ በዚያ በር የሚያውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን።

እትዬ ብርቄ እንቅርት ነበረባት። ለዓመታት አብሯት የኖረ ነገር ነው፤ በዚያ ሰሞን ግን ወደ ውስጥ አድጎ ጉሮሮዋን ይጫን፣ ተኝታ ያፍናት ጀመር። ተቀምጣ ነበር የምታድረው። ሐኪሙ ይውጣ ብሏል። ጋሽ ታደሰ ከኤጀንሲ ወደ ፐርማነንት ተዘዋውሮ ፕሮቤሽን፣ የሙከራ ጊዜ፣ ላይ ነበር፤ ያ ሲያልቅ እሷንም የሚጨምር ኢንሹራንስ ያገኛል፤ ቀዶ ጥገናው ይደረጋል። ከዚያ በፊት ከሥራ የቀረ ግን በምንም ምክንያት ይሁን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሊያልቅለት ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

በጥር አንድ ቀን፣ የስምንት ሰዓቱ ሺፍት ሊገባ ሲል፣ በላስቲኩ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ሲመጣ አየሁት። ከበሩ አጠገብ ክፍት ቦታ እያለ መኪናውን ከፓርኪንጉ ጥግ አቁሟል። ኮቱ ተከፍቷል። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ያ ነፋስ ሥጋ የሚቆርጥ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱን ሰጥቶት ቀስ እያለ ይራመዳል። መንገዱን ሲጨርስ ቆመና ወደ ነፋሱ ዞሮ ትንሽ ቆየ። ሌላ ሰው ቢያየው ሽማግሌው ጃጀ ይላል። እኔ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ እያፈሰሰ መሆኑን አወቅኩ። ተራው ደርሶ ፊቴ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ግንባሩ ከብርዱ የተነሣ አመድ መስሏል።

«ለካኝ» አለኝ።

«ጋሽ ታዴ፣ ተቀመጥ።»

«ረፍዶብኛል። ለካኝና ልግባ።»

«ትንሽ ተቀመጥ።»

ከኋላው ሰልፍ ነበር። ሱፐርቫይዘሯ ከውስጥ «ኪፕ ሙቪንግ ፕሊስ» ትላለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መኬ» አለኝ፤ «ብርቄን ታውቃለህ። ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ። ጉንፋን ነው። ለካኝ።» ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ። ብለካው አረንጓዴ ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። ያ ሁሉ ሰው ግን ከእሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይውላል፤ እሱም ማታ ወደ እትዬ ብርቄ፣ ወደዚያ ጉሮሮ ይመለሳል። ባስቀምጠው ደግሞ የዚያች ሴት ትንፋሽ የተንጠለጠለበትን ገመድ የምበጥሰው እኔ ነኝ። ድንኳኑ ጠበበኝ። ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ያላረፈ አይለካም» አልኩት። ሌላ ቃል አጥቼ ነው፤ በራሱ ቃል ልወጋው ብዬ አልነበረም።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሄዶ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጠ። እኔ ሌላውን ሰው እየለካሁ አሳለፍኩ፤ እሱ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ተቀምጧል። አልጠራሁትም። ራሱ ተነሥቶ መጣና ግንባሩን ሰጠኝ። ቀይ በራ። ትኩሳቱ ከፍተኛ ነበር። ኮቱን ቀስ ብሎ ቆለፈ፣ እስከ አንገቱ፣ እንደ ካኪ ሸሚዙ።

«ሠርግህን ነው የተበቀልከኝ?» አለኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከሰው ነው የሰማሁት። ሆስፒታል ገባ፤ ከበድ ብሎበት ነበር። ፕሮቤሽኑ ፈረሰ። ልጁ እትዬ ብርቄን ያን ቀን ማታ ወደ ራሱ ቤት ወሰዳት፤ በሽታው አልነካትም። ያን ቀን ባይታወቅ ኖሮ ይነካት ነበር ወይ? አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይባላል፤ እሷ እንቅርቷን ይዛ ሌላ ዓመት ተቀምጣ አደረች፤ ያንን ዓመት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ሆስፒታሉ በነፃ ሊሠራላት ተስማማና እንቅርቱ ወጣ። ስደውልለት አያነሣም። ፋሲካ ላይ ቤቱ ሄድን፤ መኪናው አለ፤ በሩ አልተከፈተም። ዘነቡ «ሆድ ይፍጀው በለው» አለችኝ። አልፈጀውም። ዌርሃውሱ ድንኳኑን ነቅሎ ቴርሞሜትሩን ሲረከበኝ እንኳ ያን ጥያቄ አልተረከበኝም። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ክፉኛ የጠላሁት ሰው፣ አንድ ጊዜ በእጄ ገባ፤ እኔም አስቀመጥኩት። ስለ ሰልፉ ነበር? ስለ ብርቄ ነበር? ወይስ ያ ቡናማ ልብስ ከምሰሶው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር? ብዙ ጊዜ ከአልጋዬ ላይ ቀና ብዬ ይህን ጥያቄ ከየትም ጥግ ገፍቼዋለሁ፤ በር የለውም።

ይህን እያሰብኩ አጥሩን ይዤ ስቆይ የቸርቹ የጎን በር ተከፈተ። ጋሽ ታደሰ ነው፤ ቁልፍ በእጁ። ከስቷል። ኮፍያ አድርጓል። አየኝና ቆመ። የሚመለስ መስሎኝ ነበር። ማሽኑን አየ፣ ሠራተኛው የሚያጥበውን ቱቦ አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መጥቶ ከአጥሩ ጋር ቆመ፤ ከእኔ ጥቂት ራቅ ብሎ። ሁለታችንም ጉድጓዱን ነው የምናየው። እንደ እኛ ያለ ሰው ቁፋሮ እያየ አልፎ አይሄድም፤ እሱን ያቆመው እኔ አልነበርኩም።

«ዛሬ ነው የጨረሱት» አለ፤ ለጉድጓዱ ይሁን ለእኔ ሳይለይ።

«አዎ።»

«አሁኑኑ ሊለኩት ነው?»

«አይደለም። ጠየቅኩት። ይተዉታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ነው የሚመጡት።»

«ጎበዞች» አለ።

ሠራተኛው ቱቦውን ጠቅልሎ ክዳኑን በጉድጓዱ አፍ ላይ ገጠመ።

«እትዬ ብርቄ እንዴት ናት?»

«ተኝታ ታድራለች» አለ። መናገር እኔ ላይ እንደወደቀ ገባኝ።

«ጋሽ ታዴ፣ ያን ቀን የጠየቅከኝን ብዙ አሰብኩበት። አይመስለኝም። ግን እምላለሁ አልልም።»

ሽቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ በቀል ነው አልኩ» አለኝ። «ከወጣሁም በኋላ በቀል ነው ብያለሁ። ያኔ ግን በንዴት ነበር የማስበው። ዘንድሮ ደግሜ ሳየው ሌላ ሆነብኝ። ሳላርፍ ብትለካኝ ኖሮ፣ መኬ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ እንቅህ ነበር።»

ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ ሙሉ በሙሉ ተመልጧል፤ ሳላየው የተመለጠ ራስ ነው። ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ሰጠኝ፤ አፉ አይስቅም፤ ትከሻው ግን ያን ድምፅ የሌለውን ሳቅ ይስቃል። ቴርሞሜትር የለኝም። ልጅ ሲያተኩሰው እናት እንደምታደርገው መዳፌን ግንባሩ ላይ አሳረፍኩ። አላነሣሁትም፤ እሱም ራሱን አላራቀም። ዘነቡ ከመኪናው ውስጥ ስልኳን ትታ ታየናለች።

«ስንት ይላል?» አለኝ።

«የራስህ ነው» አልኩት።